ሲሊንደሩ አንድ ላይ ይቀረጽ ወይስ ለየብቻ? የአውሮፕላን ሞተር በጎንደር ሰማይ

አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጎንደር ከተማ ከዚያም ትንሽ ከፍ ትላለች። ወደ ሰሜን ተጉዘው ደባርቅ ሲደርሱ 2,800 ሜትር አልፈዋል። ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በዚህ አገር የሚበር ሞተር ሁሉ የሚተነፍሰው ስስ አየር ነው።

ስስ አየር የሞተርን ጉልበት እንደሚቀንስ ብዙ ሰው ሰምቷል። ሁለተኛው ችግር ግን ብዙም አይነሳም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ሙቀቱን አውጥቶ የሚጥልበት መንገድም ይጠብባል። መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩት በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። ሲሊንደሮቹ በአንድ ብረት አብረው ተቀርጸው በውኃ ይቀዝቅዙ? ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ በነፋስ ይቀዝቅዝ? ሁለቱም ዓይነት በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ በርሯል። እንዴት እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚያስወጡና ለእኛ ደጋ የትኛው እንደሚሻል ቀስ ብለን እንይ።

በመጀመሪያ የምናወራው ስለ የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ እንለይ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚያመላልሰው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ሲሊንደር የለውም። የእሱ ሞተር ተርባይን ነው፤ የጋለ ጋዝ የሚያሽከረክራቸው ብዙ ምላጮች ናቸው ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት። ጄቶቹም ከዚሁ ወገን ናቸው። የእኛ ጉዳይ የፒስተን ሞተር ነው። ዛሬ እሱን የሚያገኙት በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ነው፤ በተለይም አዲስ አብራሪ በሚሰለጥንባቸው። ከጄቱ ዘመን በፊት ግን ትልቁም ትንሹም አውሮፕላን በፒስተን ነበር የሚበረው።

ሲሊንደር ማለት ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ክብ ጉድጓድ ነው። አየርና ነዳጅ ይገባል፣ ይታመቃል፣ ይቀጣጠላል፤ የጋለው ጋዝ ፒስተኑን ይገፋል። ግፊቱ በቢየላ፣ ማለትም ፒስተኑን በሚይዘው ክንድ፣ ወደ ዋናው ዘንግ ይሄድና ፕሮፔለሩን ያዞራል። በመኪናዎ ላይ እነዚህ ጉድጓዶች በአንድ ትልቅ ብረት ውስጥ ተደርድረው ተቀርጸዋል። መካኒኮቻችን ይህን ብረት ሞኖብሎክ ይሉታል። ከላይ የሚከድነው ክፍል ቴስታ ነው። በሁለቱ መካከል ጋዝና ውኃ እንዳያመልጥ የሚያደርገው ስስ ንጣፍ ጓርኒሲዮን ይባላል። እነዚህን ሦስት ስሞች ይያዙ፤ ክርክሩ ሁሉ በእነሱ ዙሪያ ነው።

ሙቀት ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ጋዝ ለአፍታ ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል። ፒስተኑና ቴስታው ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከመቅለጡም ብዙ አስቀድሞ ይለሰልሳል። ከነዳጁ ጉልበት ፕሮፔለሩ ጋ የሚደርሰው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ይወጣል። በግድግዳው በኩል የሚወጣው ካልተወሰደ ሞተሩ ራሱን ያበላሻል።

በጭነት መኪና ሊማሊሞን የወጣ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። መኪናው በዝግታ ይሄዳል፣ ሞተሩ ግን ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ ነው። ወደ ራዲያተሩ የሚነፍሰው አየር ትንሽ ነው፤ አየሩም ስስ ነው። ውኃው ይፈላል፣ ሹፌሩ ዳር ይዞ ይቆማል። ከአዘዞ ተነስቶ ከፍታ የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላንም የሚገጥመው ፈተና ይኸው ነው። ልዩነቱ አብራሪው ዳር ይዞ መቆም አለመቻሉ ነው።

እንግዲህ ሁለት መፍትሔ አለ።

አንደኛው ሲሊንደሮቹን ለየብቻ መሥራት ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የብረት በርሜል ነው፤ አናቱ ላይ የራሱ የአሉሚኒየም ቴስታ ተጣብቆ ይገጠምለታል። ዙሪያውን ቀጫጭን ሸንተረሮች ያቅፉታል። ሞተር ብስክሌት ላይ ያዩዋቸው ሸንተረሮች ሥራቸው አንድ ነው፤ ነፋስ የሚነካውን ገጽ ያበዛሉ። ውኃ የለም፣ ራዲያተር የለም፣ ቱቦ የለም፣ የውኃ ፓምፕ የለም። ሞተሩ ቀላል ይሆናል። አንድ ሲሊንደር ቢሰነጠቅ ብሎኖቹን ፈትተው እሱን ብቻ ያወጣሉ።

ሁለተኛው ሞኖብሎክ ነው። ሲሊንደሮቹ አብረው ይቀረጻሉ፣ በዙሪያቸው ውኃ ይዞራል። ውኃው ሙቀቱን ከሁሉም እኩል ይለቅምና ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል። ሲሊንደሮቹ ተደጋግፈው ስለቆሙ ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ተጠጋግተው ስለተደረደሩም አጭርና ጠባብ ይሆናል። ፊቱ የጠበበ ሞተር የአየርን ተቃውሞ በቀላሉ ይሰነጥቃል። በሌላ በኩል ውኃው፣ ራዲያተሩና ቱቦው ሁሉ ክብደት ነው። አንድ ቱቦ ቢፈስ ሞተሩ ብዙ ሳይቆይ ይነክሳል፤ ፒስተኑ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ይቆማል ማለት ነው።

አሁን ከፍታውን እንጨምርበት። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በአዘዞ ከፍታ፣ ቀዝቀዝ ባለ ማለዳ፣ ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን 0.93 ኪሎ ገደማ ብቻ ይቀራል። በአቪዬሽን ስሌት ይህ አየር መሐንዲሶች እንደ መለኪያ የሚጠቀሙበት መደበኛ አየር በ2,800 ሜትር ላይ የሚኖረውን ስስነት ያህል ነው። አውሮፕላኑ አዘዞ ቆሞ ሳለ ሞተሩና ክንፉ ደባርቅ የወጡ ያህል ይሆንባቸዋል ማለት ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ደግሞ አየሩ ወደ 0.77 ኪሎ ዝቅ ይላል።

ጉልበቱስ? ተጨማሪ አየር የሚያምቅለት መሣሪያ የሌለው 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዘዞ ላይ ሙሉ ቢከፈት 145 ገደማ ብቻ ይሰጣል። በራስ ደጀን ከፍታ ከ105 ብዙም አያልፍም። ይህ ስሌት ነው እንጂ የሞተሩ ጥፋት አይደለም። የሚነድለት አየር አነሰ፤ ስለዚህ ነዳጁም ማነስ አለበት። የሴስና 172 መመሪያም ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ900 ሜትር ገደማ በላይ ካለ ማረፊያ ሲነሱ የነዳጁን መጠን ቀንሰው እንዲያስተካክሉ ያዛል። ከአዘዞ የሚነሳ አብራሪ ይህን ከረሳ ሞተሩ በማይነድ ነዳጅ ይታፈናል፤ ካለውም ጉልበት ይቀነስበታል።

ማቀዝቀዙ ላይ የስስ አየር ጉዳት ለሁለቱም ሞተሮች አንድ አይደለም። በነፋስ የሚቀዘቅዘው ሞተር ሸንተረሮቹን የሚያልፈው አየር ክብደት ሲቀንስ ወዲያው ይጎዳል። የፊተኛው ሲሊንደር ነፋሱን አስቀድሞ ያገኛል፤ የኋለኛው የፊተኛው ያሞቀው ይደርሰዋል። ስለዚህ በአንድ ሞተር ላይ አንዱ ሲሊንደር ከሌላው በአሥርተ ዲግሪዎች ሊበልጥ ይችላል። ዛሬ ብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙባቸው የላይካሚንግ ሞተሮች የሲሊንደር አናት ወሰን 260 ዲግሪ ነው። ልምድ ያላቸው አብራሪዎችና መካኒኮች ግን ሲሊንደሩ ዕድሜ እንዲኖረው ከ205 ገደማ በላይ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። በደጋ ረጅም አወጣጥ ላይ ይህን ለመጠበቅ አፍንጫ ዝቅ ማድረግ፣ ፍጥነት መጨመርና በዝግታ መውጣት ግድ ነው።

ውኃውም ቢሆን ከፍታ አይምረውም። ጎንደር ላይ ክዳን በሌለው ድስት የተጣደ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሽምብራው ለመብሰል የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ራስ ደጀን ላይ 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሜዳ ላይ ያልፈላ ሞተር ተራራ ላይ ሊፈላ ይችላል። ለዚህ መሐንዲሶች ሁለት ዘዴ አበጁ። የውኃውን ዑደት ዘግተው በግፊት ያዙት። ውኃውንም ግላይኮል ከሚባል ፈሳሽ ጋር ቀላቀሉት፤ መኪና ላይ አንቱፍሪዝ የምንለው ነው። ሁለቱ ተደምረው የመፍያውን ነጥብ ከመቶ ዲግሪ በላይ ያቆዩታል፤ ከፍታው ቢጨምርም ብዙ አይለዋወጥም። እኔ በዚህ አንድ ነጥብ ሞኖብሎኩ ለደጋ የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ። በሰፊ ራዲያተርና በሙቀት መቆጣጠሪያ ታግዞ ሁሉንም ሲሊንደር በአንድ ሙቀት ይይዛል።

ታዲያ ሞኖብሎክ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ሁሉም አልተቀበለውም? እዚህ ላይ ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ማየት ያስፈልጋል።

አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1921 ዓ.ም. ክረምት ነው። የመጀመሪያው ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ አውሮፕላን ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በወደቁበት በአንችም ጦርነት ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ አውሮፕላኖች ወረቀት በተኑ፣ ቦምብም ጣሉ። የበጌምድር ሠራዊት የአውሮፕላን ሞተር ድምፅ በጦር ሜዳ የሰማው ያን ጊዜ ነው። በፖቴዝ 25 ላይ በብዛት ይገጠም የነበረው ሎሬን የተባለ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር።

በዚያ ዘመን በውኃ የሚቀዘቅዙ ብዙ ሞተሮች ሲሊንደራቸው የተለያየ ነበር። በእያንዳንዱ የብረት በርሜል ላይ ስስ ቆርቆሮ በብየዳ ይጠቀለልና በመካከሉ ውኃ ይዞራል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ብየዳው ይላቀቃል፣ ውኃው ይፈሳል። ማርክ ቢርኪት የተባለው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ለሂስፓኖ ስዊዛ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1915 ሌላ ነገር አመጣ። አራት ሲሊንደሮችን በአንድ የአሉሚኒየም ብረት ውስጥ ቀረጸ፤ በውስጣቸውም የብረት እጅጌ በጥርስ አዙሮ አስገባ። እጅጌ የምለው መካኒኮች ካና የሚሉትን፣ ፒስተኑ የሚታሽበትን ስስ የብረት በርሜል ነው። ሞተሩ ቀለለ፣ ጠነከረ፣ የሚላቀቅ ብየዳም ቀረ። ነገር ግን እጅጌውና አሉሚኒየሙ በደንብ ካልተገናኙ ሙቀቱ አይሻገርም፤ ስለዚህ ቫልቮቹ ይቃጠሉ ነበር። ኋላ አሜሪካኖቹ በከርቲስ ዲ 12 ሞተር ላይ ውኃው እጅጌውን በቀጥታ እንዲነካው አደረጉ። እንግሊዞቹም ይህን ተከትለው ሮልስ ሮይስ ኬስትረልን፣ ከእሱም ቀጥሎ ታዋቂውን መርሊንን ሠሩ።

የሞኖብሎክ ክርክር ከሁሉ የጠነከረው በመርሊን ላይ ነው። መርሊን 27 ሊትር የሚይዝ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ነው። በመጀመሪያ ሲሊንደሮቹንና ዋናው ዘንግ የሚቀመጥበትን ሆድ ሁሉ አንድ ላይ ሊቀርጹ ሞከሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የክፍሎቹ ቁጥር ሲቀንስ መገጣጠሚያ ይቀንሳል፣ መገጣጠሚያ ሲቀንስ ፍሳሽ ይቀንሳል። ግን ትልቅና ውስብስብ ነገር በአንድ ጊዜ አቅልጦ መቅረጽ ከባድ ነው። የቀለጠው ብረት አንዱ ጥግ ላይ ቶሎ ይረጋል፣ ሌላው ይዘገያል፤ በመካከሉ አየር ይቀራል፣ ስንጥቅ ይፈጠራል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሲያስቀርጹ የነበረውን ልፋት የሰማ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ ይገባዋል። ጋፋት ላይ የተፈለገው አንድ መድፍ ነው። ሮልስ ሮይስ ግን ግድግዳው ስስ የሆነ፣ ውስጡ በውኃ መንገድ የተቦረቦረ ነገር በሺዎች ቁጥር ማምረት ነበረበት።

ስለዚህ ሆዱን ለዩት። ሲሊንደሮቹንና ቴስታውን ግን አንድ አደረጓቸው። ቴስታና ሞኖብሎክ አንድ ከሆኑ በመካከላቸው ጓርኒሲዮን አያስፈልግም፤ ጓርኒሲዮን ከሌለ የሚቃጠል ነገር የለም ብለው ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ብቅ አለ። እጅጌው ከታች ይገባና አናቱ ከቴስታው ጣሪያ ጋር ተጫኖ ይዘጋል። ሞተሩ ብዙ አየር እንዲውጥ ሲደረግ በውስጡ ያለው ግፊት ጨመረ፤ ያ መገጣጠሚያም ማፍሰስ ጀመረ። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። መገጣጠሚያው ከውስጥ ስለሆነ እጅ አይደርስበትም። ለማስተካከል ሙሉው የሲሊንደር ብረት መውረድ አለበት።

መፍትሔው ይታወቅ ነበር። ቴስታው ተለይቶ ይሠራ፣ መገጣጠሚያው እጅ የሚደርስበት ቦታ ይምጣ። ይህ ዛሬ በመኪናዎ ላይ ያለው አሠራር ነው። ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበር። ፋብሪካው ሞተር ማምረቱን አቁሞ አዲስ መሣሪያ ይትከል ወይስ የሚያፈሰውን እያመረተ ይቀጥል? እንግሊዝ ውስጥ ለውጡ ዘገየ። አሜሪካዊው ፓካርድ ኩባንያ መርሊንን ለማምረት ሲጀምር ግን ከአዲስ ስለተነሳ ባለ ሁለት ክፍሉን ንድፍ አስቀድሞ ያዘ። ሮልስ ሮይስም ተከተለ። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ። በሥዕል ላይ የተሻለው ንድፍ ወዲያው አያሸንፍም፤ ፋብሪካው የያዘው ማሽንና ጊዜው የፈቀደው ብር አብረው ይፈርዳሉ።

በነፋስ የሚቀዘቅዘው ወገንስ ያን ጊዜ ምን ይሠራ ነበር? ጎንደር ሰማይ ላይ ነበር። በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው ትልቁ የጣሊያን ምሽግ ጎንደር ነበር። ጥቅምት 14 ቀን አንድ የጣሊያን ፊያት ሲ.አር. 42 በደቡብ አፍሪካ አብራሪ በተያዘ ግላዲያተር ተመትቶ ወደቀ። ጎንደር ራሷ ኅዳር 18 ቀን ነፃ ወጣች። የሁለቱም አውሮፕላኖች ሞተር ሲሊንደሮች በክብ ተደርድረው በነፋስ የሚቀዘቅዙ ነበሩ። ግላዲያተሩ ባለ 9 ሲሊንደር ብሪስቶል መርኩሪ ነበረው። ፊያቱ ባለ 14 ሲሊንደር ኤ.74 ነበረው። የፊያቱ ሞተር አየር የሚያምቅ መሣሪያ ስለተገጠመለት ከሁሉ የሚበልጠውን ጉልበቱን የሚሰጠው በ3,800 ሜትር ላይ ነው። ለሰሜን ተራሮች የሚስማማ ከፍታ ነው።

በአገራችን የተሠራችው ፀሐይም ከዚሁ ወገን ነበረች። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር በአዲስ አበባ የሠራት ይህች አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በረረች። ሞተሯ ባለ 7 ሲሊንደር ዋልተር ቬኑስ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ከሁሉ በላይ ደጋችንን ያገለገለው ግን ዲሲ 3 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከጦርነቱ በተረፉ የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን ከመሐል አገር ጋር ያገናኙት እነሱ ነበሩ። በሁለቱም ክንፍ ላይ አንዳንድ ፕራት ኤንድ ዊትኒ ትዊን ዋስፕ ሞተር አለ፤ እያንዳንዱ ባለ 14 ሲሊንደር፣ 30 ሊትር፣ 1,200 የፈረስ ጉልበት። አንድ ሲሊንደር ቢበላሽ መካኒኩ መሰላል አቁሞ፣ ያንን ብቻ ፈትቶ፣ ሌላ ይገጥማል። ወደብ በራቀበት፣ መንገድ በክረምት በሚቆረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መርሊን ቢሆን ኖሮ ሙሉው የሲሊንደር ብረት ወርዶ ወደ ትልቅ ጋራዥ መሄድ ነበረበት። እኔ በዚያ ዘመን ለነበረችው ኢትዮጵያ ለየብቻ የቆመው ሲሊንደር ትክክለኛ ምርጫ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዛሬስ? ዛሬ ክርክሩ በማሰልጠኛ አውሮፕላኖች ላይ እንደ አዲስ ተነስቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪዎች ማሰልጠኛ ሁለቱንም ዓይነት ተጠቅሟል፤ ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲ.ኤ. 40 ኤን.ጂ.።

የአዳዲሶቹ ሴስና 172 ሞተር ላይካሚንግ ነው። አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተኝተዋል፤ እያንዳንዱ ለብቻው፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ። የሲሊንደሮቹ ጠቅላላ መጠን 5.9 ሊትር ነው፤ 180 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የሚጠጣው አቭጋዝ ነው፤ ሊድ ያለበት ልዩ የአውሮፕላን ቤንዚን። የዳይመንዱ ሞተር ኦስትሮ ኤ.ኢ. 300 ከመርሰዲስ የመኪና ናፍጣ ሞተር የተወለደ ነው። አራት ሲሊንደር በአንድ የብረት ሞኖብሎክ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ 2 ሊትር ብቻ፣ 168 የፈረስ ጉልበት። ተርቦ አለው፤ በጭሱ ግፊት የሚሽከረከር አየር ማመቂያ ማለት ነው። የሚጠጣውም ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚጠጡትን ጄት ኤ 1 ነው።

ለእኛ ተራራ ይህ ምን ማለት ነው? የሴስና 172 የዛሬው ዓይነት የአሠራር ጣሪያው 14,000 ጫማ ነው፤ 4,270 ሜትር ገደማ። ከራስ ደጀን ጫፍ ያንሳል። የዳይመንዱ ወሰን 16,400 ጫማ፣ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። ተርቦው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባለት አዘዞ ላይ ጉልበቱ ብዙም አይወርድም። ይህ ማለት ግን በራስ ደጀን ላይ አቋርጦ መብረር ይገባል ማለት አይደለም። ተራራ ላይ ነፋስ ወደ ታች ይጫናል፤ ጠንቃቃ አብራሪ በዙሪያው ይሄዳል።

ብረቱ ራሱ ምን ይሁን የሚለውም አልተቋጨም። ከኦስትሮ ቀድሞ ይህን መንገድ የጀመረው ቲለርት የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነበር። እሱ ቀላል እንዲሆን ብሎ የአሉሚኒየም ሞኖብሎክ መረጠ፤ የሞተሩ ጉልበት 135 ነበር። ኦስትሮ ግን የመርሰዲስን የብረት ሞኖብሎክ እንዳለ ተቀበለ። ክብደቱን ችሎ ጥንካሬውን መረጠ፣ 168 አወጣበት። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በብልጭታ ሳይሆን በመጭመቅ ስለሆነ በሲሊንደሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከቤንዚን ይበልጣል። ብረት ይህን ይችላል። ዋጋው ክብደት ነው፤ ኦስትሮው ከላይካሚንጉ ወደ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ይከብዳል። ያ ማለት አንድ ቀጠን ያለ ተሳፋሪ ነው።

ወጪውን እንይ። ሴስናው በሰዓት ከ30 እስከ 38 ሊትር አቭጋዝ ይጠጣል። ዳይመንዱ 20 ሊትር ገደማ ጄት ኤ 1 ይበቃዋል። ልዩነቱን 15 ሊትር ብለን እንያዝ። በዓመት 500 ሰዓት የሚበር የማሰልጠኛ አውሮፕላን 7,500 ሊትር ይቆጥባል። አቭጋዝ ደግሞ በአፍሪካ በብዙ ቦታ የሚገኘው በልዩ ትዕዛዝ፣ በበርሜል፣ በውድ ነው። ጄት ኤ 1 ትልቅ አውሮፕላን በሚያስተናግዱ ማረፊያዎች የተለመደ ነዳጅ ነው። የነዳጅ ሂሳቡ ብቻ ቢሆን ክርክሩ እዚህ ያልቅ ነበር።

ጥገናው ግን ሌላ ሂሳብ አለው። የላይካሚንግ አንድ ሲሊንደር ከነፒስተኑ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ሆኖም መካኒኩ እዚያው በቆመበት ይቀይረዋል፣ አውሮፕላኑም በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ሙሉ እድሳቱ በየ2,000 ሰዓቱ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል፤ ሥራውን ግን ብዙ አገር ያሉ ድርጅቶች ያውቁታል። ሞኖብሎኩ ቢሰነጠቅ ወይም አንዱ ሲሊንደር ቢጫር መለወጫ የለውም። ሞተሩ በሙሉ ወርዶ ወደ አምራቹ ወይም ፈቃድ ወዳለው ማዕከል ይሄዳል። እስኪመለስ አውሮፕላኑ ቆሞ ይጠብቃል፤ ወይም ሌላ ሞተር ይገዛለታል።

በአንድ አምራች እጅ መውደቅም የራሱ አደጋ አለው። የቲለርት ሞተሮች ለየብቻ ተከፍተው የሚታደሱ አልነበሩም፤ ሰዓታቸው ሲሞላ በአዲስ ይተካሉ። ጉልበቱን ወደ ፕሮፔለሩ የሚያስተላልፈው ማርሽ ቤት ደግሞ በየ300 ሰዓቱ ለምርመራ መላክ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ኩባንያው ከሰረ። ዋስትናው ወደቀ፣ የመለዋወጫው ዋጋ ጨመረ፤ ብዙ ባለቤቶች አውሮፕላናቸውን ይዘው ቆሙ። የኋላ ኋላ ሥራውን ሌሎች ገዝተው ቀጠሉበት፤ ያ ጊዜ ግን ብዙ የበረራ ትምህርት ቤቶችን ጎድቷል።

አንድ ልዩነት ደግሞ ልጨምር። ላይካሚንጉ ብልጭታውን የሚያገኘው ሞተሩ ራሱ ከሚያዞረው ማግኔቶ ነው፤ ባትሪው ቢሞት ሞተሩ ይዞራል። ኦስትሮው የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ስለሆነ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይረከባል፤ ሁለቱም ግን ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። መካኒኩም ከመፍቻው ጋር ላፕቶፕ መያዝ አለበት።

እንግዲህ የእኔን ፍርድ ልናገር። በነፋስ የሚቀዘቅዘው ሞተር መካኒክን ይወዳል፤ ሞኖብሎኩ ተራራን ይችላል። እንደ ሰሜን ጎንደር ባለ አገር ለሚበር ትንሽ አውሮፕላን ባለ ተርቦውን፣ በውኃ የሚቀዘቅዘውን፣ ጄት ኤ 1 የሚጠጣውን ሞኖብሎክ እመርጣለሁ። አውሮፕላን ከሁሉ በፊት ከማረፊያው ተነስቶ ከፊቱ ያለውን ገደል ማለፍ አለበት። ተርቦ የሌለው ሞተር ከአዘዞ ሲነሳ ሜዳ ላይ ከነበረው ጉልበት አምስተኛውን ያህል ጥሎ ነው የሚሄደው፤ ይህን የትኛውም የጥገና ምቾት አይመልሰውም።

ምርጫው ግን አንድ አውሮፕላን ብቻ ላለው ሰው አይሆንም። ሞኖብሎክ በሚበዛበት ቦታ ርካሽ፣ ብቻውን ባለበት ቦታ ውድ ነው። አምስት ስድስት አውሮፕላን ያለው ድርጅት አንድ ሙሉ ሞተር መጋዘን ውስጥ ያስቀምጣል፤ የተበላሸው አውሮፓ ሄዶ እስኪመለስ በዚያ ይበራል። የዚያ ትርፍ ሞተር ዋጋ ለሁሉም ይከፋፈላል። አንድ አውሮፕላን ያለው ሰው ያንን ወጪ ብቻውን ይሸከማል። እሱ ላይካሚንጉን ቢይዝና በማለዳ፣ አየሩ ሳይሞቅ፣ ጭነቱን ቀንሶ ቢበር ይሻለዋል።

ስለዚህ ነገ ልጅዎን ለአብራሪነት ሊያስመዘግቡ ወይም ከወዳጆችዎ ጋር ለዳሰሳ ሥራ አውሮፕላን ሊገዙ ቢያስቡ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከመጠየቅዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ይህ ሞተር በ2,000 ሜትር ላይ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ስንት ጉልበት ይሰጣል? ነዳጁ ከየት ይመጣል፣ አዘዞ ድረስ ሲደርስስ ሊትሩ ስንት ይሆናል? አንድ ሲሊንደር ቢበላሽ አውሮፕላኑ ስንት ሳምንት ይቆማል፣ ያን ጊዜ የሚገጠመው ትርፍ ሞተርስ የት ተቀምጧል? ሻጩ ለሦስተኛው ጥያቄ በስም የሚጠራው መጋዘን ከሌለው፣ የቆመበትን ወራት ወጪ አውሮፕላኑ ዋጋ ላይ ደምረው ይደራደሩ።